ሁለቱ እባቦች

በ1890ዎቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በአንድ ቁጥር ፍቅር ተይዞ ነበር፤ በሠላሳ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱ እንደ እኛ ነው።) ዲስትሮየር የተባለችው አዲስ የጦር መርከብ 30 ኖት፣ በየብስ ልክ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ካልሮጠች ደስተኛ ተቀባይ የላትም። መርከብ ሠሪው ለዚያ ቁጥር ይፈርማል፤ ለዚያ ቁጥር ይጨነቃል።

ስለዚህ የፍተሻው ቀን ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። ሠሪው ነፋሱ እስኪወድቅና ባሕሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ከዌልስ የመጣው ድንጋይ ከሰል ድቃቂው ተለይቶ፣ አንኳሩ በእጅ ተለቅሞ ይጫናል። ምድጃው ፊት የሚቆሙት የባሕር ኃይሉ ሰዎች ሳይሆኑ ሠሪው መርጦ ያመጣቸው፣ ክንዳቸው አካፋ የለመደ ሠራተኞች ናቸው። መርከቧ ሙሉ ጭነቷን ሳትይዝ ትወጣና በተለካው ርቀት ላይ እየተመላለሰች ትሮጣለች። ሰዓት የያዙት ሰዎች አማካዩን አስልተው ይጽፋሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ያን ፍጥነት ዳግም ያላዩ መርከቦች ብዙ ነበሩ። ቁጥሩ ግን መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጋዜጣ ላይም ወጥቷል።

ቫይፐርና ኮብራ የተባሉትን ሁለት መርከቦች ዕጣ ከዚህ ቁጥር ነጥሎ ማየት አይቻልም። ሁለቱም የእባብ ስም የወጣላቸው ናቸው። ሁለቱም በዘመናቸው ከዓለም እጅግ ፈጣን የጦር መርከቦች መካከል ነበሩ። ሁለቱም በ1901 ክረምት ማብቂያ ላይ በ46 ቀናት ልዩነት ጠፉ። አንዳቸውም በጠላት ላይ አንድ ጥይት አልተኮሱም።

ነገሩ የጀመረው በቶርፔዶ ነው። በ1860ዎቹ ሮበርት ኋይትሄድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአድርያቲክ ዳርቻ በፊዩሜ ከተማ ሆኖ በውኃ ውስጥ ራሱን እየነዳ የሚሄድ ፈንጂ ሠራ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች የያዘች ጀልባ በጨለማ ተጠግታ ብዙ ሺህ ቶን የሚመዝን፣ በወፍራም ብረት የተለበጠ የጦር መርከብ ልታሰጥም ትችላለች ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን አይተው የቶርፔዶ ጀልባዎችን በብዛት ሠሩ። ጀልባዎቹ ከእንግሊዝ ማዶ፣ ሸርቡርግና ሌሎች ወደቦች ላይ ተሰልፈው ሲታዩ የለንደን ሹማምንት ተረበሹ። መልሱ ጀልባዎቹን አሳድዳ የምትይዝ፣ ትልቅ መድፍና የራሷ ቶርፔዶ ያላት ፈጣን መርከብ ነበረች። የመጀመሪያዋ ሃቮክ በ1893 ያሮው በተባለው የለንደን መርከብ ሠሪ ተሠርታ 26 ኖት ሮጠች። ወዲያው 27 ተጠየቀ፤ ቀጥሎ ሠላሳ።

በእነዚያ ዲስትሮየሮች ላይ መኖር ቅጣት ነበር። ርዝመታቸው 64 ሜትር ገደማ፣ ወርዳቸው ግን ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከፊት ያለው ጣሪያቸው ማዕበል እንዲያንሸራትት ተብሎ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ ነው፤ በተግባር ግን ማዕበሉን እየቆፈረ ይገባና ከበላዩ ድልድይ በሚባለው ማዘዣ ሰገነት ላይ የቆመውን መኮንን ያጠምቀዋል። ከታች የሚተኛው ባሕርተኛ ልብሱ ሳይደርቅ ተራው ይደርሳል። ባሕር ኃይሉ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ለዲስትሮየር ሠራተኞች የክፉ መኝታ አበል ይከፍላቸው ነበር።

የሞተር ክፍሉ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ዘመኑ የፒስተን ነው። ግዙፍ ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ፤ ቢየላዎቹ ኮሎውን በደቂቃ ወደ 400 ጊዜ ያዞራሉ። ኩሽኔታዎቹ እንዳይግሉ በጎማ ውኃ ይለቀቅባቸዋል፤ ዘይት በጣሳ ይፈስባቸዋል። ያ ውኃና ዘይት ተቀላቅሎ በሚሽከረከረው ብረት ይረጭና ግድግዳውን፣ መሣሪያውን፣ የመካኒኩን ፊት ይለብጣል። በሙሉ ፍጥነት ጊዜ ቀፎው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ይንቀጠቀጣል። ከአንዱ ቢየላ አንድ ብሎን ቢላቀቅ ብረቱ የሲሊንደሩን ጎን በጥሶ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንፋሎቱ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይቀቅላል። እንዲህ ያለ አደጋ በእውነትም ደርሷል። ፒስተን ከ30 ኖት በላይ እንዲሄድ መጠየቅ ሰውንና ብረትን ካቅም በላይ መጠየቅ እንደሆነ መሐንዲሶቹ ያውቁት ነበር።

ያን ወሰን የሰበረው ቻርልስ ፓርሰንስ ነው። አባቱ የሮስ መስፍን በአየርላንድ ቢር በተባለው ርስታቸው ላይ የዘመኑን ትልቅ ቴሌስኮፕ ያሠሩ የከዋክብት ተመራማሪ ነበሩ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት አልሰደዱትም፤ ቤት ውስጥ በመምህራንና በአባቱ የብረት መሥሪያ መካከል አደገ። ኬምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ከተማረ በኋላ፣ ለመስፍን ልጅ ባልተለመደ መንገድ፣ ቱታ ለብሶ በኒውካስል የአርምስትሮንግ ፋብሪካ ተለማማጅ ሆነ። በ1884 ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን የእንፋሎት ተርባይን ሠራ። በደቂቃ 18,000 ጊዜ ይዞር ነበር።

እኛ ተርባይን ሲባል ዓባይና ግልገል ጊቤ ናቸው የሚታዩን፤ ውኃ ከላይ ወርዶ ክንፍ ያዞራል። የእንፋሎት ጣጣው ከውኃ እጅግ የፈጠነ መሆኑ ነው። ግፊቱ የበዛ እንፋሎት በአንድ ቀዳዳ ቢለቀቅ ከጥይት ይሽቀዳደማል፤ ያን ጉልበት በአንድ ዙር ለመቀበል የሚሞክር ጎማ በሽክርክሪቱ ብዛት ሊበታተን ይችላል። የፓርሰንስ ብልሃት ግፊቱን መከፋፈል ነበር። እንፋሎቱ ተራ በተራ በተደረደሩ ክንፎች መካከል ያልፋል፤ በየተራው ጥቂት ግፊት ይጥላል፣ ጥቂት ይሰፋል፣ ዘንጉን ጥቂት ይገፋል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደክሞ ይወጣል። የሚመላለስ ነገር የለም፤ ቆሞ የሚነሣ ነገር የለም፤ ዘንጉ ይዞራል፣ በቃ።

በ1894 ተርቢኒያ የተባለች ጀልባ ሠራ። 30 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ሦስት ሜትር የማይሞላ ወርድ፣ 44 ቶን ተኩል ክብደት። በመጀመሪያው ሙከራ 20 ኖት እንኳ አልሞላችም። ተርባይኑ ሞልቶ ይሠራል፤ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ምክንያቱ ፕሮፔለሩ ነበር። ፕሮፔለር ከልክ በላይ ሲፈጥን ውኃው ሊከተለው አይደርስም፤ ከክንፉ ጀርባ ባዶ ቦታ ይፈጠርና በእንፋሎት አረፋ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የሚገፋው ውኃ አይደለም፣ አረፋ ነው። ፓርሰንስ ይህን በዓይኑ ለማየት ትንሽ ገንዳ ሠራ፤ ውኃውን አሙቆ ከመፍላት አፋፍ አደረሰ፤ ትንሽዬ ፕሮፔለር አስገብቶ ከዙሯ ጋር እኩል ብልጭ በሚል ብርሃን ተመለከታት። የሚሽከረከረው ነገር የቆመ መሰለ፤ አረፋውም ታየ። ከዚያ አንዱን ተርባይን በሦስት፣ አንዱን ዘንግ በሦስት ተካ፤ በያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ፕሮፔለር ሰካ። ተርቢኒያ ከ34 ኖት አለፈች።

ሰኔ 26 ቀን 1897 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 60ኛ ዓመት ሲከበር ከ160 የሚበልጡ የጦር መርከቦች ስፒትሄድ ላይ በረድፍ ቆመው ነበር። ንግሥቲቱን ወክለው የዌልስ ልዑል፣ በእንግድነትም የብዙ አገር መኳንንትና አምባሳደሮች ተገኝተዋል። በዚያ ሥርዓት መካከል ተርቢኒያ ከጭስ ማውጫዋ ነበልባል እየተፋች በረድፎቹ መሐል ተፈተለከች። ሊያስቆሟት የተላኩት የጥበቃ ጀልባዎች አልደረሱባትም። ሳይጠሩ ገቡ ይባላል፤ አስቀድመው የሚያውቁ ሹማምንት ነበሩ የሚልም አለ። የሆነ ሆኖ የባሕር ኃይሉ አለቆች በራሳቸው በዓል ላይ ያላቸው ጀልባ ሁሉ በአንዲት የግል ጀልባ ሲቀደም በእንግዶች ፊት አይተዋል። ከዚያ በኋላ ተርባይን አያስፈልገንም ማለት ከባድ ነበር።

ቫይፐር የታዘዘችው በ1898 መጀመሪያ ነው። ሞተሩን የፓርሰንስ ኩባንያ፣ ቀፎውን በታይን ወንዝ ዳር በሄበርን ያለው የሆውቶርን ሌስሊ መርከብ ሠሪ ወሰደ። መስከረም 6 ቀን 1899 ውኃ ነካች። ከሌሎቹ ሠላሳ ኖት ከሚሮጡት ብዙም አትበልጥም፤ ኃይሏ ግን እጥፍ ይጠጋ ነበር። አራት ዘንግ፣ በያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ፕሮፔለር። በ1900 ፍተሻ ላይ ከ36 ኖት በላይ፣ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠች። የዚያን ጊዜ ባሕር ላይ ይህን የሚያህል ፍጥነት ያየ ሰው አልነበረም።

እኔን ግን ከፍጥነቷ ይልቅ የሚገርመኝ የሞተር ክፍሏ ነው። የሚረጭ ዘይት የለም፤ ጎማ ይዞ የሚሯሯጥ መካኒክ የለም። የሚታየው የተከደነ የብረት በርሜል ነው፤ ከውስጡ ወጥ የሆነ ጉምጉምታ ይሰማል። ከዚያች አንዲት ቀጭን ግድግዳ ወዲያ፣ ቦይለሮቹ ዘንድ፣ ነገሩ እንደ ድሮው ነው፤ ያን ሁሉ እንፋሎት የሚያፈላው የሰው ክንድ ነው። በግዳጅ አየር የሚነፋው ምድጃ አካፋ በአካፋ ይበላል፤ አንዳጁ ላቡ ሳይወርድ ይደርቃል። ተርባይኑ የመካኒኩን ኑሮ አቀለለ፤ የእሳት አንዳጁን ግን አከበደ።

ያም ሆኖ ትልቁ ነቀፌታዋ ሌላ ነበር። መርከብ ዕድሜዋን በሙሉ በ36 ኖት አትሮጥም። ዕድሜዋን የምትጨርሰው በ10 እና በ15 ኖት እየዞረች፣ እየጠበቀች፣ እየተከተለች ነው። ተርባይን በዝግታ ሲዞር እንፋሎቱ ጉልበቱን ሳይሰጥ በክንፎቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። ቫይፐር በዝግታ ስትሄድ የምትበላው ከሰል ባለፒስተኖቹ እህቶቿ ከሚበሉት እጅግ የበለጠ ነበር። ባሕር ኃይሉ የገዛው ፍተሻ የሚያሸንፍ ሞተር ነበር፤ የፍተሻው ቀን ደግሞ አንድ ነው።

ኮብራ የመጣችው በሌላ በር ነው። ማንም አላዘዛትም። የኒውካስሉ ትልቅ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አርምስትሮንግ ገዢ አይጠፋም ብሎ በራሱ ወጪ በኤልስዊክ ሠራት፤ በሰኔ 1899፣ ከቫይፐር ቀድማ ውኃ ነካች። 68 ሜትር ትረዝማለች፤ ወርዷ ከስድስት ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በአራት ዘንጎቿ ላይ 12 ፕሮፔለሮች ነበሩ። ፓርሰንስ ከአርምስትሮንግ ጋር የነበረው ቅርበት ሞተሩን አመጣላት። ባሕር ኃይሉ ለራሱ መርከቦች የላሜራውን ውፍረትና የሪቬቱን ብዛት ገና ከንድፉ ጀምሮ ይቆጣጠራል። ኮብራ ግን ያለቀች ዕቃ ነበረች። ባሕር ኃይሉ በ1900 ገዛት።

ነሐሴ 3 ቀን 1901 ባሕር ኃይሉ ዓመታዊ ልምምድ ላይ ነበር። ቫይፐር በሌተና ዊልያም ስፔክ አዛዥነት በቻናል ደሴቶች ዙሪያ የ"ጠላት" ቶርፔዶ ጀልባዎችን እንድታስስ ተላከች። ያ አካባቢ በደግ ቀንም የሚያስፈራ ነው። በኦልደርኒ ደሴት ግራና ቀኝ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ከውኃ በላይ ጥቂት የሚታዩ፣ ከውኃ በታች ብዙ የተደበቁ ቋጥኞች አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ስቴላ የምትባል የመንገደኞች መርከብ እዚያው አጠገብ በጭጋግ ውስጥ ካስኬትስ ቋጥኞች ላይ ወጥታ ከ100 ሰዎች በላይ አልቀው ነበር።

ያን ቀንም ጭጋግ ወረደ። ቫይፐር ፍጥነቷን ቀነሰች። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ከፊት ለፊት ነጭ አረፋ ታየ፤ መሪው ተጠመዘዘ፤ አልሆነም። ሬኖንኬ በተባለው ቋጥኝ ላይ ወጣች። ድንጋዩ ፕሮፔለሮቿን ነቅሎ ስለወሰዳቸው ስትላቀቅም ራሷን ማዳን አልቻለችም፤ ፍሰቱ እየገፋ ሌላ ቋጥኝ ላይ ጣላት። ሠራተኞቿ በጀልባ ወጡ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ስብርባሪዋ በኋላ በፈንጂ ወደመ። በዓለም አቻ ያልነበራት ፈጣን መርከብ የጠፋችው ቀስ ብላ ስትሄድ ነው። ውኃ ከነካች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ለተርባይኑ ጠላቶች ይህ ብዙም የሚያወራ አልነበረም፤ ቋጥኝ የፒስተንንም መርከብ ይሰብራል። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

መስከረም 17 ቀን 1901 ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ኮብራ ከታይን ወንዝ ተነሥታ ወደ ፖርትስመዝ ጉዞ ጀመረች፤ መሣሪያዋን ልትታጠቅ ነው። አዛዧ ሌተና አለን ቦስዎርዝ ስሚዝ ነበር። ሠራተኞቿ ከሙሉ ቁጥራቸው ያነሱ የባሕር ኃይል ሰዎችና ሞተሩን የሚያስረክቡ ከ20 በላይ የፋብሪካ ሰዎች ነበሩ፤ በጠቅላላው 79። ከነሱ አንዱ የፓርሰንስ መርከብ ተርባይን ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ባርናርድ ነው።

ሌሊቱን ሰሜን ባሕር ተናወጠ። መርከቧ ክፉኛ ትንከባለል ጀመር፤ ምድጃው ውስጥ ከሰል መጨመር እንኳ አስቸገረ፤ ፍጥነቷ ተቀነሰ። ነጋ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በሊንከንሻየር ዳርቻ አንጻር አውተር ዳውሲንግ የተባለው የመብራት መርከብ በሚታይበት ቦታ፣ በውስጧ ያሉት አንድ ንዝረት ተሰማቸው። ወዲያው ቀፎዋ ከኋለኞቹ ቦይለሮች አካባቢ ተሰብሮ ሁለት ላይ ተከፈለች። ጀልባ ለማውረድ ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። አንዲት ትንሽ ጀልባ ብቻ ተረፈች፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ተሳፈሩባት። ከተረፉት መካከል በማዕረግ ከፍ ያለው ዋና መሐንዲሱ ፐርሲ ነበር። ማዕበል ላይ ለብዙ ሰዓት ሲንሳፈፉ ውለው በአላፊ መርከብ ተነሡ። 67 ሰዎች ሞቱ። አዛዡ ከድልድዩ ሳይወርድ ከመርከቧ ጋር ቀረ። ባርናርድም ሞተ፤ ተርቢኒያን ለዚያ ወግ ካበቁት ሰዎች አንዱ ነበር። ከፋብሪካው አብረውት የሄዱት የፓርሰንስ ሠራተኞችም አልተመለሱም።

በዘመኑ ደንብ መርከብ ሲጠፋ የተረፉት የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። የኮብራ ጉዳይ በጥቅምት ወር ፖርትስመዝ ላይ ታየ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የሆነ ነገር መታት ወይስ ራሷ ተሰበረች? አንዳንድ ባለሙያዎች በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ስብርባሪ ሳይመታት አይቀርም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። መሬት አልነካችም፣ እንቅፋት አልገጠማትም፣ የአነዳድ ስሕተትም የለም አለ፤ የጠፋችው በአሠራሯ ድክመት ነው፤ ከሌሎቹ ዲስትሮየሮች የደከመች ነበረች፤ ለባሕር ኃይሉ መገዛቷም የሚያሳዝን ነው አለ። የተረፉት በነፃ ተለቀቁ።

ፍርዱ ሠሪዎቹን አስቆጣ። ባሕር ኃይሉን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አድሚራሊቲም አልተመቸውም፤ "መገዛቷ ያሳዝናል" ማለት ገዢው ማነው ማለት ነውና። በእኔ እይታ ፍርድ ቤቱ ትክክለኛውን በር አንኳኩቶ ሳይገባ ተመለሰ። ኮብራን የሠራት ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ የሚሠራው ገዢ የሚከፍልበትን ነው። ገዢው ደግሞ ለዓመታት ሲከፍል የኖረው ለፍጥነት ነበር። በፍተሻ ቀን ባሕሩ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ የሰሜን ባሕር የመስከረም ሌሊት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ያን ልዩነት ኤልስዊክ ያልነበሩ ሰዎችም ማወቅ ነበረባቸው።

ጥያቄው ከኮብራ አልፎ ወደ ሁሉም ዲስትሮየሮች ሄደ። ባሕር ኃይሉ ካሉት ብዙ ዲስትሮየሮች ስንቱ እንደ እሷ ይሰበራል? ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትል አድሚራል ሰር ሃሪ ሮውሰን ነበር፤ በ1896 ዛንዚባርን የደበደበው፣ በ1897 ቤኒን ከተማን ያቃጠለው ዘመቻ መሪ። አፍሪካውያን በሌላ ሥራው የሚያውቁት ሰው አሁን የላሜራና የሪቬት ጥያቄ ሊፈታ ተቀመጠ። ከጎኑ የግላስጎው ፕሮፌሰር ጆን ባይልስ የመሳሰሉ የመርከብ አሠራር ምሁራን ነበሩ።

ጉዳዩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ማዕበሉ የመርከቧን ወገብ ሲያነሣ አፍንጫና ጅራቷ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፤ ከላይ ያለው ላሜራ ይወጠራል፣ ከታች ያለው ይጨመቃል። ማዕበሉ አልፎ ሁለቱን ጫፎች ሲያነሣ ደግሞ ወገቧ ባዶ ላይ ይቀራል፤ ውጥረቱ ይገለበጣል። በአንድ ሌሊት ይህ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። መሐንዲሶቹ ይህን በወረቀት ያሰሉ ነበር፤ በእውነተኛ መርከብ ላይ ለክቶ ያየ ግን የለም።

ስለዚህ ዎልፍ የተባለችውን፣ በ1897 ሌርድ የሠራትን ዲስትሮየር፣ ፖርትስመዝ ደረቅ መትከያ ውስጥ አስገቡ። መጀመሪያ ወገቧን በድጋፍ ይዘው ውኃውን ቀስ በቀስ አወጡ፤ ሁለቱ ጫፎች በአየር ላይ ተንጠለጠሉ። ቀጥሎ ጫፎቿን ደግፈው ወገቧን ባዶ ተዉት። በየደረጃው ላሜራዋ ምን ያህል እንደተለጠጠ በመለኪያ መሣሪያ ተነበበ። ያን ያህል የተንገላታችው ዎልፍ አልተሰበረችም። ከዚያ ክፉ ባሕር ፈልገው አወጧት፤ በማዕበል ላይም ተለካች። ውጤቱ በባሕር ላይ ያለው እውነተኛ ውጥረት በወረቀት ከተሰላው ያነሰ እንደሆነ አሳየ። ሌሎቹ ዲስትሮየሮች ባሕሩን ይችሉታል ማለት ነው፤ ኮብራም ከነሱ የተለየች ነበረች ማለት ነው። ዎልፍ አንደኛውን የዓለም ጦርነት አገልግላ በ1921 ለብረት ተሸጠች።

መርከበኞች ግን የራሳቸውን ፍርድ ሰጥተው ነበር፤ ጥፋቱ የስሙ ነው። በ1890 ሰርፐንት የምትባል የባሕር ኃይል መርከብ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ቋጥኝ ላይ ወጥታ ከ170 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ሦስት ብቻ መትረፋቸውን አልረሱም። እባብ፣ እፉኝት፣ ኮብራ፤ ሦስቱም ጠፍተዋል። ፓርሰንስ ሌላ ተርባይን ያላት ዲስትሮየር በራሱ ወጪ እያሠራ ነበር፤ ሊያወጣላት ያሰበው ስም ፓይተን ነው። ባሕር ኃይሉ ሲገዛት ስሟ ቬሎክስ ሆነ።

ያቺ ቬሎክስ ትምህርቱን ሆዷ ውስጥ ይዛ ወጣች። ለዝግታ ጉዞ የሚሆኑ ትንንሽ የፒስተን ሞተሮች ከተርባይኑ ጎን ተጨመሩላት። በጥቅምት 1915 ፈንጂ ላይ ወጥታ እስክትሰጥም ድረስ ያለ ዝና ሠራች።

ቀጣዮቹ ዲስትሮየሮች የወንዝ ስም ተሰጣቸው፤ ቁጥሩም ተለወጠ። ሠላሳ ሳይሆን 25 ኖት ተኩል፣ ግን ጭነቷን እንደያዘች። የኤሊ ጀርባው ተነሥቶ ከፍ ያለ አፍንጫ ተተካ፤ ቀፎው ወፈረ፤ ባሕርተኛው ጥቂት ደረቅ ቦታ አገኘ። ከነሱ አንዷ ኤደን ተርባይን ገጥማለች። ጋዜጦች ፍጥነቱ ቀነሰ ብለው አጉረመረሙ። ክፉ አየር ሲመጣ ግን እነዚህ ከሠላሳ ኖቶቹ እየቀደሙ መሄዳቸው ታየ፤ ማዕበል ውስጥ ፍጥነቱን የሚያጡት ቀላሎቹ ናቸውና።

ተርባይኑን ከእባቦቹ ሞት ያተረፈው ምናልባት የንግድ መርከብ ነው። ቫይፐር በጠፋችበት በዚያው ክረምት ኪንግ ኤድዋርድ የተባለች ተርባይን ያላት የመዝናኛ መርከብ በስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ላይ መንገደኞች ታመላልስ ነበር። የደከመ ቀፎ አልነበራትም፤ የሚያሳድዳትም ቁጥር አልነበረም። በ1905 አድሚራል ፊሸር አዲሱን ትልቅ የጦር መርከብ ሲያስነድፍ ተርባይን እንዲሆን ተወሰነ፤ በየካቲት 1906 ድሬድኖት ውኃ ነካች። ንድፉን ያወጣው የባሕር ኃይሉ ዋና ንድፍ አውጪ ፊሊፕ ዋትስ ነው፤ ኮብራ የተሠራችበት የኤልስዊክ መርከብ ሠሪ ቤት ዋና ሰው የነበረው ያው ዋትስ።

የቫይፐር የከሰል ጥማት ግን ገና መልስ አላገኘም ነበር። ተርባይን መልካም የሚሠራው ሲፈጥን ነው፤ ፕሮፔለር መልካም የሚገፋው ሲዘገይ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዘንግ ሲታሰሩ ሁለቱም ይጎዳሉ። በ1909 ፓርሰንስ ቬስፓዢያን የምትባል አሮጌ የጭነት መርከብ ገዛ። መጀመሪያ በነባሩ ሞተሯ እያስኬደ ከሰሏን ለካ። ቀጥሎ ሞተሩን አውጥቶ ተርባይን አስገባ፤ በተርባይኑና በፕሮፔለሩ መካከልም የጥርስ ማርሽ፣ መኪና ላይ ካምቢዮ የምንለውን ዓይነት፣ አስቀመጠ። ተርባይኑ እንደ ልቡ ይፈጥናል፤ ፕሮፔለሩ እንደ ልቡ ይዘገያል። መርከቧ ከቀድሞው 15 በመቶ ያህል ያነሰ ከሰል በላች። በ1913 ውኃ የነኩት ሊዮኒዳስና ሉሲፈር የተባሉት ዲስትሮየሮች ኃይላቸውን በሙሉ በዚህ ማርሽ አማካይነት የሚያስተላልፉ ሆኑ፤ በየዘንጉ ላይም አንድ አንድ ፕሮፔለር ብቻ በቃቸው።